የሥነ ሥርዓት ጥያቄ

ጠብታ ነገሩን የሰማችው በከንፈሮቿ መሃል መርፌ ቁልፎች ነክሳ ነው። የመድረኩ መጋረጃ ጫፉ ተተርትሮ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበርና ከጀርባው ተንበርክካ እያጠፈች ታያይዘዋለች። ከመጋረጃው ወዲያ የማኅበሩ ሊቀመንበርና ጸሐፊ የሽልማቱን ጠረጴዛ ያሰናዳሉ፤ እሷ እዚያ መኖሯን ረስተውታል፣ ወይም እንደ ወትሮው አላስተዋሏትም።

«እኔ ግን ቅር ብሎኛል» አለ ጸሐፊው። «ቀጭኗ ልጅ በሰፊው ነው የምትበልጣት። የመመረቂያ ሥራዋን አይተኸዋል እኮ።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ እናቴ በታመመች ጊዜ እኔ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ ነበርኩ። አልጋዋ አጠገብ የነበረው ማነው? ጠብታ። ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት ጠብታ። ዓይኗን የከደነችላትም እሷው ናት። ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ አንድ ነገር አድርጌላት አላውቅም፤ ልስጥሽ ብላትም እሺ አትለኝም። እና በቃል ፈተናው ልጇን ትንሽ ገፋ አደረግኳት። ሰው አልገደልኩ።»

«አንተስ አልገደልክም» አለ ጸሐፊው እየሳቀ። «ጋሼ ሥነ ሥርዓት ከሰሙ ግን እሳቸው ይገድሉሃል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጠብታ ጆሮ ግን ያን ዕለት ጠዋት ባዳ ልሁን አላለም፤ አንዲት ቃል ሳያስመልጥ አስገባላት። አፌ ውስጥ መርፌ ባይኖር ኖሮ ብቅ ብዬ «ምን ሠራህ አንተ?» እለው ነበር ብላ ራሷን አጽናናች። ማጽናኛው ብዙ አልቆየላትም። መርፌዎቹን ሁሉ መጋረጃው ላይ ሰክታ ስትጨርስ ሰዎቹ ገና እዚያው ነበሩ፣ አፏም ባዶ ነበር፤ እሷ ግን ኮቴያቸው ከአዳራሹ እስኪወጣ ድረስ እንደተንበረከከች ቀረች። ስትነሳ የመጋረጃውን ገመድ ይዛ ነው የቆመችው።

ጠብታ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የዚህ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አባላት ሁሉ በተማሪነታቸው ዘመን ቅጽል ተለጥፎላቸዋል፤ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ የሚላጥ ነገር አይደለም። ፎቅ በፎቅ ላይ የሚቆልለው የሕንፃ ተቋራጭ ሊቀመንበር የሚባለው ማይክ እጁ ላይ እስካለ ብቻ ነው፤ ከመድረክ ሲወርድ «ድንች» ነው። እሷን ጠብታ ያሏት መምህር ጥያቄ ሲጠይቃት ድምፅዋ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ እያለ ስለሚወጣ ነው። ዛሬ ፋርማሲስት ናት፤ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ» ስትል እንኳ ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ወደ ቀዳዳው ያስጠጋሉ። በየዓመቱ ለጉባዔው አበባ የምታዘው፣ ባጅ የምታስተካክለው፣ የተቀደደውን የምታያይዘው እሷ ናት። ማይክ ጨብጣ ግን አታውቅም፣ አንድም ዓመት።

የማኅበሩ ሽልማት ለምህንድስና ምርጥ ተመራቂ ነው፤ ሊቀመንበሩና ሌሎች አባላት የመመረቂያ ሥራ አይተው፣ በቃል ፈትነው ይመርጣሉ። ጠረጴዛው ላይ የሚያብለጨልጨው ክሪስታል ለፎቶ ያህል ነው እንጂ ዋናው ነገር ከጀርባው ያለው ነው፦ ከአባላቱ አንዱ የዲዛይን ቢሮ አለው፣ አሸናፊውን ሰኞ ጠዋት ይቀጥራል። ተመራቂው ሁሉ ማስረጃውን ታቅፎ ከበር በር ሲንከራተት የጫማው ሶል በሚያልቅበት ከተማ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያጣ ያውቀዋል። ሁለተኛ ለወጣ የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ አለ። ጭብጨባ ደግሞ ድስት ላይ አይጣድም።

ዘንድሮ አንደኛ የተባለችው የጠብታ ልጅ ናት። ልጅ ትበላት እንጂ የእህቷ ልጅ ናት፤ እህቷ ስትሞት የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ወደ ቤቷ ያመጣቻት፣ «እቴቴ» እያለች ያደገች። ሁለተኛዋ ቀጭኗ ልጅ ናት፣ የልጅቷ የልብ ጓደኛ፤ እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቀጭኗን ጠብታ እንደ ልጇ ነው የምታውቃት። በፈተና ሰሞን እነሱ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብረው ያጠናሉ፤ ቀጭኗ እያስረዳች፣ ልጅቷ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንደገና» እያለች። ማን ማንን እንደሚያስጠና ጠብታ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖራለች።

ጉባዔው ከሰዓት በኋላ ነበርና ልጅቷን ልታመጣ በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ከራሷ ጋር ክርክር ገጠመች። እኔ አልጠየቅኩም። እውነት ነው፣ አልጠየቀችም። ማንንም አልለመንኩም። ይኼም እውነት ነው። ለልጅቷ ብነግራት አንገቷን ትሰብራለች፤ ስንት ሌሊት የደከመችበትን በአንድ ቃል አፈር አስግጬው? ለድንች ብነግረው በዓሉን ላበላሽበት፣ እናቱን ስላስታመምኩ እንደ ጠላት ላዋርደው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሰኞ ልጄ ሥራ ትገባለች፣ ያቺም ጎበዝ ናት፣ የትም ብትሄድ አትወድቅም። ይህን ይህን ስትል አንድ ፌርማታ አለፋት። ወርዳ ወደ ኋላ ስትመለስ መንገዱ ዳር ያለው ጫማ ቤት መስታወት ውስጥ ራሷን አየችና ፊቷን አዞረች። ያን ጫማ ቤት ታውቀዋለች፤ ባለፈው ሳምንት ለልጅቷ የመድረክ ጫማ የገዛችበት ነው። ሻጩ የነገራት ዋጋ ሰማይ የነካ ስለነበር ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በመጨረሻ «ይሁን፣ አንዴ ነው» ብላ ነበር የገዛችው።

ቤታቸው ከአንድ ደረጃ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ሁሉም ነገር። ልጅቷ ሁሉም ነገር በሆነው ክፍል ውስጥ ቆማ ቀሚሷን ትተኩሳለች። ጠብታ ጠዋት ስትወጣም ይኼንኑ ቀሚስ ስትተኩስ ነበር የተወቻት። ጠረጴዛው ላይ የቀረበላት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል እንደተከደነ ነው፤ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቶበታል።

«አልበላሽም?»

«አልራበኝም።»

«ትናንት ማታም አልራበኝም ብለሻል።»

ልጅቷ ካውያውን አንስታ አስቀመጠችው። «እቴቴ፣ ብቻሽን ሄደሽ ብትቀበዪልኝስ? አሟታል በያቸው። ራሴን አሞኛል።»

መድረክ ፈርታ ነው አለች ጠብታ በሆዷ፤ ሲፈሩ የእኔ ቢጤ ናት። የራስ ምታት መድኃኒት ፋርማሲስት ቤት አይጠፋምና ከመሳቢያ አውጥታ ከውኃ ጋር ሰጠቻት። ልጅቷ ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ «ለዚህኛው የሚሆን አይመስለኝም» አለችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ከዚያ በር ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ ሹራብ አወረደች። የቀጭኗ ሹራብ ነው፣ አንድ ብርዳማ ማታ ረስታው ሄዳ እዚያው የከረመ። አጥፋ አጥፋ በላስቲክ ከተተችው። «ዛሬ እመልስላታለሁ» አለች። ጠብታ «ምን አስቸኮለሽ፣ ትመጣ የለ?» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ትመጣለች ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን አልወደደችውም።

ለባብሰው ወጡ። በአውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ሌላ ጊዜ ልጅቷ ስለ ቧንቧና ስለ ውኃ ግፊት እያወራች ጆሮዋን ታደነቁራት ነበር፤ ጠብታም ግማሹ ሳይገባት «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላት ነበር። ዛሬ መስኮቱን ልጅቷ ያዘችው፣ ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ማጅራት ደግሞ ጠብታ። አሁን ልንገራት ትላለች። እዚያ ጋ ስንደርስ። ድልድዩን ስናልፍ። ድልድዩን አለፉ።

አዳራሹ ሞልቷል። በሩ ላይ ሰው ይተቃቀፋል፣ ሆድ ይነካካል፣ «አንተ፣ ይኼ ሆድ የማነው?» «የአንተው ነው፣ በአደራ ነው የያዝኩልህ» ይባባላል። ድንች ከሩቅ አይቷቸው እጁን ዘርግቶ መጣ፤ ልጅቷን ትከሻዋን ያዝ አድርጎ «የዛሬዋ ሙሽራ» አላት። ወደ ጠብታ ዘወር ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይኼ ነው የሚያስቸግረው። ክፉ ቢሆን ለጠብታ ይቀላት ነበር። «ደስ አለሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጅቷ የጠብታን ፊት እያየች ነበር፤ ትክ ብላ፣ ሳትርገበገብ። ጠብታ «ተመስገን» አለች። ልጅቷ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ጉባዔው ገና ከመጀመሩ ጋሼ ሥነ ሥርዓት እጃቸውን አወጡ። ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው፣ ከሁሉም ቀድመው የተመረቁ፤ ያለ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አንድም ስብሰባ ያለፈ የለም። ባለፈው ዓመት ሻይ ከሪፖርቱ በፊት ይሁን ከሪፖርቱ በኋላ በሚል ግማሽ ሰዓት አቁመዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ያሟቸዋል፣ እሳቸው መኖራቸውን እያወቁ። «ምልዓተ ጉባዔው መሟላቱ አልተገለጸም» አሉ ዛሬ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኤጭ» አለ። ድንች «ተሟልቷል ጋሼ፣ ተሟልቶ ተርፏል» አለ፤ ተሳቀ፤ እሳቸው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ጠብታ ብቻ አልሳቀችም። የፈለጉትን ሲሉ እንዲህ የሚቀላቸው ሰዎች አፋቸው ከምን ተሠርቶ ይሆን እያለች ነበር።

ዓመታዊ ሪፖርቱ ተነበበ። ከዚያ የክብር እንግዳው ወጡ፤ ስማቸው ትልቅ የሆነ ምሁር ናቸው፣ ንግግራቸውም እንደ ስማቸው ረጅም። ስለ ትጋት፣ ስለ ታማኝነት፣ ትውልድ ስለ መቅረጽ ተናገሩ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ትውልዱ ተቀርጾ ሳያልቅ ልጄ አያት ታደርገኛለች» ብሎ ሲያንሾካሹክ ዙሪያውን ያሉት ትከሻቸው ተርገፈገፈ። በመሃል በመሃል ተማሪ አስተናጋጆች ውኃ ያድላሉ። ከነሱ አንዷ ቀጭኗ ልጅ ናት፤ ሰማያዊ ሪባን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ የጠርሙስ ትሪ ይዛ። ጠብታ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«እቴቴ፣ ቀዝቃዛውን ነው ያልቀዘቀዘውን?»

«ያልቀዘቀዘውን፣ የኔ እናት።»

ቀጭኗ ጠርሙሱን ከፍታ ሰጠቻት፤ እንዲያውም ክዳኑ አስቸጋሪ መሆኑን ስለምታውቅ ነው የከፈተችላት። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ አጎንብሳ «መድረክ ላይ ስትወጪ ረጋ በይ፣ ደረጃው ያዳልጣል። እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ውስጥ ምንም ቅሬታ አልነበረም፣ ይኼ ነው ጠብታን አንጀቷን የበላት። ልጅቷ ላስቲኩን ዘረጋችላት። «ሹራብሽ» አለች። ቀጭኗ ግራ ገብቷት «አሁን? በዚህ ሙቀት?» አለች፤ ተቀብላ ክንዷ ላይ አንጠልጥላው ወደ ቀጣዩ ረድፍ ሄደች።

ጠብታ ውኃውን አልጠጣችውም። እንግዳው «በመጨረሻም» ብለው ነበር፤ በመጨረሻም ካሉም ቆይተዋል፤ ቢሆንም አንድ ቦታ ማለቁ አይቀርም። ካለቀ በኋላ ሽልማቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከአፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ ወሬ ነው። እድሜ ልኳን በጠብታ ስትናገር የኖረች ሴት ሁሉንም በአንዴ ማፍሰስ ነበረባት፤ ወደ ልጅቷ ጆሮ ተጠጋች።

«ስሚኝ ልጄ። ዛሬ ጠዋት መጋረጃ ስጠግን የሰማሁት ነገር አለ። ያ ነጥብ፣ የቃል ፈተናው... ድንች ለእናቱ ሲል ነው፣ ለእኔ ሲል። ያንቺ አይደለም። የእሷ ነው።»

ልጅቷ አልዞረችም። ፊቷም አልተለወጠም። ወደ መድረኩ እንዳየች ናት፤ ጠብታ አልሰማችኝም ብላ ልትደግመው ነበር።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ።

«ምን አልሽ?»

«አውቃለሁ። እሷን ላብ እስኪያጠምቃት ነው የጠየቋት፣ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር። እኔን ግን ሊቀመንበሩ እቴቴሽ ደህና ናት ወይ፣ ውለታዋ አለብኝ፣ አይዞሽ፣ የቤት ልጅ ነሽ ብሎ ሸኘኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አይወርድልኝም።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ? ምነው አልጠየቅሽኝም?»

አሁን ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አንቺ የለመንሽው መስሎኝ ነዋ። ብጠይቅሽ አዎ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጠብታ ይህን ከመስማት በጥፊ ብትመታ ትመርጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ልጄ አንገቷን ትሰብራለች ብላ ስትጨነቅ፣ ልጅቷ ለካ በእሷ ነበር አንገቷን የሰበረችው። ቀሚሱ፣ ዳቦው፣ አሞኛል ማለቱ፣ በር ላይ ያ ትክ ብሎ ማየት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣባት። ደስ አለሽ ሲላት «ተመስገን» ብላው ነበር እኮ። ልጅቷ ያን ጊዜ በልቧ ምን እንዳለች አሁን ገባት። «አልለመንኩም» አለች። ልጅቷ «እሺ» አለች። እሺ ስትል ማመኗ ነው አለማመኗ ጠብታ ማወቅ አልቻለችም። የልጅቷ እጅ ግን መጥቶ እጇን ያዘ፤ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ እጅ ነበር።

ጭብጨባ ተሰማ፤ እንግዳው ጨርሰዋል። ድንች ማይኩን ይዞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ክሪስታሉን ወደ መብራቱ አዘንብሎ «አሁን ሁላችንም ስንጠብቀው ወደነበረው» ማለት ጀመረ። ጠብታ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጠብታ እጇን አወጣች። ወንበሯ ላይ ሆና፣ ክንዷን ሙሉ ለሙሉ ሳትዘረጋ፣ እንደ ፈሪ ተማሪ።

ድንች አያት፤ ፊቱ በራ። «ተመልከቱልኝ፣ ጠብታ እጇን አወጣች» አለ። «በማኅበራችን ታሪክ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ምስጋና ልታቀርብ ነው መሰለኝ፣ በጭብጨባ እንርዳት።» አዳራሹ አጨበጨበ። አንዱ አስተናጋጅ ማይክ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ጭብጨባው አለቀ። ጠብታ ቆማለች፤ ከአፏ የሚወጣ ነገር የለም። ማይኩ ትንፋሿን ብቻ እየሳበ በአዳራሹ ይረጨዋል። አንዱ ከኋላ «ጠብ አይልም እንዴ?» አለ፤ ሳቅ ሆነ። ድንች «ግድ የለም፣ ደስታው በዝቶባት ነው፣ ተቀመጪ እህቴ፣ ገብቶናል» አላትና እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት። ልትቀመጥ ጉልበቷ ታጠፈ። ያን ጊዜ የቀዘቀዘው እጅ ክርኗን ከሥር ደገፈው።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አለች ጠብታ።

ድምፁ የእሷ ለመሆኑ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። ጋሼ ሥነ ሥርዓት ግን ብድግ አሉ፣ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እያንኳኩ። «ምን ያስቃል? የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ትናገር።» ከእሳቸው ሌላ ማንም ይህን ጥያቄ አንስቶ አያውቅምና፣ የሆነ ወራሽ ያገኙ ያህል ነበር የቆሙላት። ሳቁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጠፋ።

«ሽልማቱ ለልጄ አይገባም» አለች ጠብታ። «የቃል ፈተናው ነጥብ እንደገና ይታይ። የተጨመረላት በእኔ የተነሳ ነው። እኔ አልጠየቅኩም፤ ግን ጠዋት ሰምቼ እስካሁን ዝም ብያለሁ። አንደኛዋ ሌላ ናት።» ተጨማሪ ልትል ፈልጋ ነበር፣ ስለ ድንች እናት፣ ስለ ድንች ደግነት፣ እሱን ለማዋረድ አለመሆኑን። ጠብታው አለቀ። ማይኩን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ የሆነው ነገር ጫጫታ ነው። ድንች ፊቱ አመድ መስሎ ጸሐፊውን ያያል፤ ጸሐፊው ክራባቱን ያያል፤ የክብር እንግዳው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጋሼ ሥነ ሥርዓት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቋት ሰዓት መጥታላቸው አንቀጽ እየጠቀሱ ነው፦ ሽልማቱ ይታገድ፣ ሌሎች ፈታኞች ይሰየሙ፣ በሳምንቱ ይገለጽ። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ቀጭኗ ልጅ ትሪዋን ይዛ ግድግዳው ጥግ ቆማ ነበር። ልጅቷ ሰዉን እየገፋች ወደ እሷ ሄደች፤ ጠብታ ከሩቅ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ቃሉን አትሰማም። ረጅም ንግግር አልነበረም። ቀጭኗ ትሪውን ወለል ላይ አስቀመጠች፣ በዚያ ሙቀት አረንጓዴውን ሹራብ ለበሰች፣ በጎን በር ወጣች። ዞራም አላየች።

ጠብታ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ድንች ደረሰባት። ብቻውን ነበር። «እኔ ላንቺ ብዬ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበር? ለብቻዬ?»

እውነቱን ነው። ጠዋት ለብቻው ነግራው ቢሆን ይኼ ሁሉ ሰው ፊት ባልሆነ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። እጇን ዘረጋችለት፤ ጥቂት አመንትቶ ጨበጣት፤ ሄደ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ቆመው ነው የሄዱት። ልጅቷ አዲሱ ጫማ እግሯን ልጦት አንዱን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። «ምን አለችሽ?» አለች ጠብታ። «ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።» ሰኞ አለ። ሰኞ ልጅቷ እንደማንኛውም ተመራቂ ማስረጃዋን ይዛ በር ማንኳኳት ትጀምራለች፤ ጠብታም እንደ ወትሮው መስታወቱ ጀርባ ትቆማለች፤ የማኅበሩ አባላት ለመድኃኒት ሌላ ፋርማሲ ይሄዱ ይሆናል። ይህ ሁሉ በጠብታ ጭንቅላት ውስጥ ይዞራል። ድልድዩን አለፉ፤ ማለፋቸውን አላስተዋለችም።

ቤት ገብተው ጠብታ ሻዩን ልታሞቅ ምድጃው ጋ ቆመች። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ የተከደነውን ሳህን ትክ ብላ ታያለች። ጠዋት የተወቻት ኪኒን አሁንም አጠገቡ አለች።

«እቴቴ።»

«ወይ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

ጠብታ ክብሪቱን እንደያዘች ዞረች። «ጠይቂኝ።»

«እኔ ምንም የማላውቅ ብሆን፣ ዛሬ ተደስቼ ብውል፣ ጠዋት ዳቦዬን በልቼ እየዘፈንኩ ብጠብቅሽ፣» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣ «ትነግሪኝ ነበር?»

ጠብታ አውቶቡሱን አሰበች፣ ያለፋትን ፌርማታ፣ ጎበዝ ናት አትወድቅም ያለችውን። ልጅቷ ስትስቅ፣ ስትዘፍን አሰበች። «እንዴታ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለመናገር ከሁሉ የቀለለው ቃል እሱ ነበር።

«እንጃ ልጄ» አለች። «እንጃ።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሳህኑን ከፈተች፣ ደርቆ የዋለውን ዳቦ ለሁለት ቆረሰች፣ ግማሹን ወደ እቴቴ ወንበር ገፋ አድርጋ ግማሹን መብላት ጀመረች።